የበርሊን የአየር ድልድይ በሚዛን ሲታይ፦ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአውሮፕላን ብቻ እንዴት ከረመ?

#1 ሚዛን

ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው የኩባን ሚሳይልና የበርሊንን ግንብ ነው። ከሁለቱም ቀድሞ ግን አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከተፋጠጡባቸው የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ግጥሚያዎች አንዱ ነበር፤ የ1948ቱ የበርሊን ከበባ። አሸናፊው የተለየው በመድፍ አይደለም፣ በሚዛንና በሰዓት ነው። (ቀንና ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንንም በርሊንንም ምዕራባውያኑ (አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ) እና ሶቪየት ኅብረት ለአራት ተከፋፍለው ይዘው ነበር። የከበባው መነሻ የገንዘብ ለውጥ ነው። ምዕራባውያኑ ጁን 20 ቀን በያዟቸው የጀርመን ክፍሎች አዲስ ማርክ አወጡ። ሶቪየቶችም የራሳቸውን አወጡ። የምዕራቡ ማርክ ምዕራብ በርሊን ሲገባ፣ ጁን 24 ቀን ባቡሩም፣ የመኪናው መንገድም፣ የጀልባው ቦይም ተዘጋ፤ ከምሥራቅ ይመጣ የነበረው መብራትም ተቋረጠ። ከተማዋ ያለችው ከሶቪየት ይዞታ ድንበር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ ነው። መጋዘን ውስጥ የነበረው ምግብ ለ36 ቀን፣ ከሰሉ ለ45 ቀን የሚበቃ ብቻ ነበር።

ለከተማዋ የቀን ፍላጎት ተብሎ የተሰላው ይኸውላችሁ፦ ዱቄትና ስንዴ 646 ቶን፣ ሌላ እህል 125፣ ስብ 64፣ ሥጋና ዓሣ 109፣ የደረቀ ድንች 180፣ ስኳር 180፣ ቡና 11፣ የዱቄት ወተት 19፣ ለሕፃናት ትኩስ ወተት 5፣ እርሾ 3፣ የደረቀ አትክልት 144፣ ጨው 38፣ አይብ 10። ሲደመር 1,534 ቶን። በዚህ ላይ ከሰልና ነዳጅ 3,475 ቶን ይጨመራል። በጥቅሉ በየቀኑ ከ5,000 ቶን በላይ ማለት ነው፤ ምዕራባውያኑ ይህን ሁሉ በአውሮፕላን ለማስገባት ተነሱ።

አሁን አካፍሉት። በጊዜው በብዛት የነበረው የጭነት አውሮፕላን፣ ሲ-47 (ዳኮታ የሚባለው)፣ የሚይዘው 3 ቶን ተኩል ገደማ ነው። 5,000 ለ3.5 ሲካፈል ከ1,400 በላይ በረራ ይወጣል። ቀን ደግሞ 1,440 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። ሌት ተቀን፣ ጉም ሆነ ዝናብ፣ በየደቂቃው አንድ አውሮፕላን ማረፍ አለበት። አሜሪካኖቹ ጁን 26 ሲጀምሩ በቀኑ ያደረሱት 80 ቶን ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከ80 ቶን ተነስቶ ያን ሁሉ ቶን ላይ የተደረሰው በምን ዘዴ ነው? «አውሮፕላን ጨመሩ» የሚለው መልስ ለእኔ በቂ አይደለም። አውሮፕላን ሲጨመር መጨናነቁም አብሮ ይጨምራል።

#2 መሐንዲስ

ወንድም ሚዛን፣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ መልሱ የሚጀምረውም ከአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሜሪካኖቹ አውሮፓ ውስጥ የነበሯቸው 102 ሲ-47 እና ሁለት ሲ-54 ብቻ ነበሩ። ሲ-54 (ስካይማስተር) አራት ሞተር ያለው ሲሆን ወደ 10 ቶን ይጭናል። በእሱ ስታሰላው 500 በረራ ይበቃል፣ በየሦስት ደቂቃው አንድ ማለት ነው። በየደቂቃው ማሳረፍ የማይሞከር ነው፤ በየሦስት ደቂቃው ግን ይቻላል። ስለዚህ ከአላስካ፣ ከሃዋይ፣ ከካሪቢያን እየተለቀሙ ሲ-54ዎች ወደ ጀርመን ተላኩ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የወለሉ ነገር ነው። ሲ-47 መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ላይ ባለች ትንሽ ጎማ ስለሚያርፍ ወለሉ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ጫኙ ጆንያውን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ አውራጁ ቁልቁል ይወርዳል። ሲ-54 የፊት ጎማ ስላለው ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ የጭነት መኪና ጀርባውን አዙሮ በሩ ላይ ሲጠጋ ጆንያው ከወለል ወደ መኪናው በቀጥታ ይተላለፋል። ስለዚህ 10 ቶኑን ከሲ-54 ማውረድ 3 ቶን ተኩሉን ከሲ-47 ከማውረድ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም ነበር። የመሬት ላይ ጊዜ ባይቀንስ ኖሮ ትልቅ አውሮፕላን ብቻውን ምንም ባልፈየደ።

ሌላው የፍጥነት ልዩነት ነው። ዘገምተኛውና ፈጣኑ በአንድ መስመር ሲበሩ ኋላ ያለው ፊተኛው ላይ ይደርስበታል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ በመከር ወራት ሲ-47ን ከመስመሩ ጨርሶ አወጡት። ትንሽ የሚጭን አውሮፕላን ጭነት የሚጨምር ይመስላል፤ ትልቁ ሊይዘው የሚችለውን ተራ ስለሚወስድበት ግን ይቀንሳል።

#3 የራዳር_ጥላ

ሚዛን የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ያለው በአንድ ቀን ውስጥ ነው፤ ኦገስት 13 ቀን 1948፣ ዓርብ። አሜሪካኖቹ «ጥቁሩ ዓርብ» ይሉታል።

የዚያን ዕለት በርሊን ውስጥ ባለው ቴምፕልሆፍ አየር ማረፊያ ላይ ደመናው እስከ ሕንፃዎቹ ጣራ ወርዶ፣ ዝናቡ ራዳሩን ጋርዶታል። አንድ ሲ-54 ሲያርፍ መንደርደሪያውን ጨርሶ አለፈና ተቃጠለ። ቀጥሎ ከሰል ጭኖ የመጣው እሱን ላለመግጨት ፍሬን ሲይዝ ጎማዎቹ ፈነዱ። ሦስተኛው በስህተት ገና በመሠራት ላይ ባለው መንደርደሪያ አርፎ ከቁጥጥር ውጭ ተሽከረከረ። ከላይ ደግሞ በየሦስት ደቂቃው አዲስ አውሮፕላን እየመጣ ከ3,000 እስከ 12,000 ጫማ ድረስ ተደራርቦ ይዞራል። ከሚዞሩት መካከል የሥራው አዲስ አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ተነር ራሱ ነበረበት። በሬዲዮ የሰጠው ትእዛዝ፣ ከእሱ በስተቀር የሚዞረው ሁሉ ጭነቱን እንደያዘ ወደመጣበት ይመለስ የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ የወጣው ደንብ ሥራውን ከሥር ቀየረው። እኔ በዝርዝር ልጻፈው።

ሰማዩ ጥርት ቢልም ባይልም አብራሪው ሁልጊዜ በመሣሪያ ብቻ እንዲበር ተደረገ። ምክንያቱ፣ ጥሩ ቀን ላይ በዓይን፣ መጥፎ ቀን ላይ በመሣሪያ ከተበረረ አየሩ በተለዋወጠ ቁጥር ሥርዓቱ ይለዋወጣል፤ አደጋው የሚፈጠረውም መለዋወጡ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ አብራሪው ለማረፍ አንድ ዕድል ብቻ አለው። ካልተሳካለት ዞሮ ሁለተኛ አይሞክርም፤ ጭነቱን ይዞ በመካከለኛው መስመር ወደ ምዕራብ ጀርመን ይመለሳል። አስር ቶን ከሰል ይዞ መመለስ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን አንድ አውሮፕላን ዞሮ ሰልፉ ውስጥ ልግባ ካለ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ይገፋል፤ አንዱ ሲዘገይ አስሩ ይዘገያሉ፣ አስሩ መዞር ሲጀምሩ ጥቁሩ ዓርብ ይደገማል። ደንቡ አንዱ የሳተው ለቀጣዩ እንዳይተርፍ አደረገ። እኔ የአየር ድልድዩ የተሳካው በዚህች አንቀጽ ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛው አካሄዱ ነው። ሦስት የአየር መስመር ነበር፤ ከሃምቡርግ፣ ከሃኖቨርና ከፍራንክፈርት አቅጣጫ፤ እያንዳንዱ 32 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በሰሜኑና በደቡቡ ይገባል፣ በመካከለኛው ይወጣል። ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ የሚመጣና የሚሄድ አይገናኝም። ከፍራንክፈርት የተነሳው አውሮፕላን ፉልዳ ላይ ያለውን የሬዲዮ ምልክት ሲያልፍ ቁጥሩንና ሰዓቱን በሬዲዮ ይናገራል። ከኋላው ያለው አብራሪ ያን ሰዓት ይይዝና እሱ ፉልዳ ሲደርስ ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ መሆኑን ያጣራል። ቀድሞ ከደረሰ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዘገየ ይጨምራል። መስመሩ ላይ የተወሰነው ፍጥነት በሰዓት 170 ማይል ነው፤ በሦስት ደቂቃ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ተከታታዮቹ በከፍታም የ500 ጫማ ልዩነት ነበራቸው።

በርሊን ሲቃረብ የመሬት ተቆጣጣሪው ራዳሩን እያየ በቃል ይመራዋል፦ ግራ ሁለት ዲግሪ፣ ከፍ ብለሃል፣ ትንሽ ዝቅ፣ መስመር ላይ ነህ። አብራሪው መሬት የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ቴምፕልሆፍ በሕንፃ የተከበበ ስለሆነ አወራረዱ ቁልቁል ነበር፤ የመቃረቢያ መብራቶቹ የተተከሉት አጠገቡ ባለው የመቃብር ቦታ ውስጥ ሁሉ ነበር።

#4 መሐንዲስ

የራዳር_ጥላ እጅህን ይባርከው። የመሬቱን ክፍል ልጨምርበት። ተነር የበረራ ሠራተኞች ካረፉ በኋላ ከአውሮፕላናቸው አጠገብ እንዳይለዩ ከለከለ። ቀድሞ አብራሪዎቹ ቡና ለመጠጣት ሕንፃው ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ጭነቱ አልቆ አውሮፕላኑ ሰው ይጠብቃል። ከዚያ ቡናውና ሳንድዊቹ በመኪና ወደ አውሮፕላኑ መጣ፤ የአየር ጠባይ መረጃውና የመመለሻ ፈቃዱም በጂፕ መጣ። ቴምፕልሆፍ ላይ የመቆያ ጊዜው ወደ 30 ደቂቃ ወረደ። ጫኝና አውራጆቹ የበርሊን ሰዎች ነበሩ፤ አንድ የ12 ሰው ቡድን 10 ቶን ከሰል በ5 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ አውርዷል።

የቴምፕልሆፍ መንደርደሪያም ለእንዲህ ያለ ክብደት የተሠራ አልነበረም። በፍርስራሽ ላይ የተዘረጋ የተበሳሳ የብረት ንጣፍ ነው። አስር ቶን የተሸከመ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ንጣፉ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል። ከ200 በላይ ሠራተኞች አካፋ፣ አሸዋና አስፋልት ይዘው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንዱ አርፎ ሲያልፍ ሮጠው ይገባሉ፣ ጉድጓዱን ሞልተው፣ ንጣፉን መትተው፣ ቀጣዩ ሳይደርስ ሮጠው ይወጣሉ። እንዲህ እያሉ ጎን ለጎን አዳዲስ መንደርደሪያዎች ተሠሩ።

#5 አቦል

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ምግብ እንዳይመስላችሁ፤ ከተጓጓዘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ከሰል ነው። እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ምግቡ። ለምን ዱቄት ተጫነ፣ ዳቦ አይጫንም ነበር? ዳቦ ሲሶው ውሃ ነው፤ ውሃ በአውሮፕላን ማመላለስ ደግሞ ኪሳራ ነው። ግን ዱቄቱን እዚያው ለመጋገር ከሰል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተመዝነው ነው የተወሰነው፣ ዱቄትና ከሰሉ አንድ ላይ ከዳቦው ቀለለ። ድንቹም እንደ ድርቆሽ ውሃው ወጥቶ ነው የሄደው፤ ትኩስ ድንች አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ሥጋውም አጥንቱ ወጥቶ ተጫነ።

ከሰሉ ግን አይደርቅ፣ አይጨመቅ። እንደ አመሉ መሸከም ብቻ ነው። የመብራት ማመንጫውም፣ የውሃ መግፊያውም፣ ዳቦ ቤቱም የሚሠራው በእሱ ነው። ለቤቶች መብራት የሚለቀቀው በቀን ለአራት ሰዓት ያህል ነበር፣ ያውም ተከፋፍሎ።

ችግሩ ብናኙ ነው። ከሰል በጆንያ ሲጫን ብናኙ ከጆንያው እየወጣ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ የመሪ ገመዶችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አሉ። እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ይበላል፣ የሽቦዎቹን መገናኛዎች ያበላሻል፤ ገመዱ ላይ ሲከማች ይሞርደዋል። መጀመሪያ ላይ የተሞከረው የወታደር የሸራ ሻንጣ ነበር፤ በኋላ የወረቀትና የጆንያ ከረጢት መጣ፤ ጆንያውን ማርጠብም ብናኙን ይይዘዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አልተፈታም፤ ወለሉን በተመላለሱ ቁጥር መጥረግና ገመዱን ቶሎ ቶሎ መመርመር ነበር መላው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ማረፍ ሳያስፈልግ ከቢ-29 ቦምብ ጣይ ላይ ከሰል ዝቅ ብሎ መጣል ተሞክሯል። ከሰሉ መሬት ሲመታ ዱቄት ሆነ። ሙከራው እዚያው ላይ ቀረ።

ጨው የባሰ ነው። ተራ አውሮፕላን ውስጥ ጨው ከፈሰሰ አካሉን ይበላዋል። እንግሊዞች ያመጡት መላ ያስደስታል፤ ሰንደርላንድ የሚባሉትን ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ተጠቀሙ። ለባሕር ስለተሠሩ አካላቸው ጨው እንዲቋቋም ታክሟል፤ የመሪ ገመዶቻቸውም የሚያልፉት በላይ በኩል ነው። ከሃምቡርግ ተነስተው በርሊን ውስጥ ሃቬል የሚባለው ውሃ ላይ ያርፉ ነበር። ዲሴምበር ላይ በረዶ ሲመጣ ይህ ተቋረጠና ጨው በሃሊፋክስ አውሮፕላን ሆድ ሥር፣ ከውጭ በተንጠለጠለ ሣጥን ውስጥ መጫን ጀመረ።

#6 ዘጠነኛ_ክፍል

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ሶቪየቶች መንገዱን ሁሉ ከዘጉ ሰማዩን ለምን አልዘጉም? ጥቂት አውሮፕላን መትተው ቢጥሉ ያበቃ አልነበረም?

#7 ማኅደር

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የተጻፈ ውል ነው። ምዕራባውያኑ በመኪናና በባቡር ወደ በርሊን የመግባት መብታቸውን በጽሑፍ አልያዙትም ነበር፤ በቃል መግባባትና በልማድ ነበር የሚሄዱት። ሦስቱ የአየር መስመሮች ግን ኖቬምበር 30 ቀን 1945 በአራቱ ኃያላን ተፈርመዋል። ስለዚህ መንገድ መዝጋት «ለጥገና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ አውሮፕላን መምታት ግን ፊርማ ማፍረስና የመጀመሪያውን ጥይት መተኮስ ነው። ያን ጥይት መተኮስ የፈለገ አልነበረም። ኤፕሪል 1948 ላይ አንድ የሶቪየት ያክ ተዋጊ ከእንግሊዝ የመንገደኛ አውሮፕላን ጋር በምዕራብ በርሊን ካለው የእንግሊዞቹ አየር ማረፊያ ከጋቶው አጠገብ ተጋጭቶ 15 ሰው ሞቶ ነበር፤ በዚያ ሰማይ ላይ አንድ ስህተት ምን እንደሚያመጣ ሁለቱም አይተውታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በርሊን ውስጥ የአራቱ አገሮች መኮንኖች አብረው የሚሠሩበት የአየር ደኅንነት ማዕከል ነበር። ሶቪየቶች ከሌላው የጋራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሲወጡ ከዚህ አልወጡም። ከበባው በቆየባቸው ወራት ሁሉ የሶቪየት መኮንን እዚያው ተቀምጦ የበረራዎቹን ዝርዝር ይቀበል ነበር።

ይህ ማለት ዝም አሉ ማለት አይደለም። ተዋጊ አውሮፕላን አስጠግቶ ማስደንገጥ፣ ሌሊት የፍለጋ መብራት አብራሪው ዓይን ላይ ማብራት፣ በመስመሩ አቅራቢያ የፀረ አውሮፕላን ልምምድ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ነበር። አሜሪካም በጁላይ ቢ-29 ቦምብ ጣዮችን ወደ እንግሊዝ ላከች። አቶሚክ ቦምብ ሊሸከሙ የሚችሉ ዓይነት ተደርገው ነው የተወሩት፤ የተላኩት ግን ለዚያ የተስተካከሉት አልነበሩም።

#8 ሌላኛው_ወገን

አንድ ተቃውሞ አለኝ። «የአየር ድልድዩ ከበባውን ሰበረው» የሚለው የምዕራቡ አተራረክ ነው። ሁለት ነገር ይዘነጋል።

ከበባው ጥብቅ አልነበረም። ግንቡ የተሠራው በ1961 ነው፤ በ1948 ሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በርሊን በእግሩ፣ በከተማው ባቡር ይሻገር ነበር። ብዙ ሰው ምሥራቅ ሄዶ ገዝቶ ይመጣል፣ ገጠር ወጥቶ ዕቃ በድንች ይለውጣል። ሶቪየቶችም ምዕራብ በርሊኖች ምሥራቅ ተመዝግበው ራሽን እንዲወስዱ ጋብዘዋል።

ሁለተኛ፣ ምዕራባውያኑ ራሳቸው አጸፋ ከበባ አድርገዋል። ከሩር (በምዕራብ ጀርመን ካለው የከሰልና የብረት አካባቢ) የሚሄደው የከሰልና የብረት ጭነት ወደ ሶቪየት ይዞታ እንዳይሻገር ከለከሉ። የምሥራቁ ፋብሪካ መለዋወጫና ብረት አጣ። እኔ ስታሊንን ወደ ጠረጴዛ ያመጣው ይህኛው ነው ባይ ነኝ። ከተማ በአየር ቢቀለብ ለሞስኮ ውርደት ነው፤ ፋብሪካ ሲቆም ግን ጉዳት ነው።

#9 ሚዛን

ወንድሜ፣ ሁለቱም ነጥቦችህ እውነት ናቸው፤ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በመጀመሪያው ላይ ግን እንከራከር። በከተማ ባቡር ምን ይገባል? በዘንቢል ድንች፣ ምናልባት ጥቂት እንጨት። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን በቀን በሺህ የሚቆጠር ቶን ከሰል በዘንቢል አይገባም። አቦል እንዳለችው የመብራት ማመንጫው የሚነደው በእሱ ነው። ከተማው በምግብ ሳይሆን በከሰል ነበር የሚታነቀው፤ ከሰሉ ደግሞ ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

የሶቪየትን ራሽን ለመውሰድ የተመዘገበውም ከነዋሪው ጥቂቱ ነው፤ ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ይልቅ አጸፋ ከበባው ጊዜ ይፈልግ ነበር። ጊዜውን የገዛው የአየር ድልድዩ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

#10 የራዳር_ጥላ

ሚዛን ያለው የታየው ኖቬምበር ላይ ነው። የዚያ ወር ጉም የሚያስጨንቅ ነበር። ኖቬምበር 20 ቀን 42 አውሮፕላን ወደ በርሊን ተነስቶ ያረፈው አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰሞን የከሰሉ ክምችት የአንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። አየሩ ሲከፈት ያ ቀዳዳ መደፈን ነበረበት። ጃንዋሪ 1949 ላይ 171,000 ቶን ገባ፣ ፌብሩዋሪ 152,000፣ ማርች 196,223። ሶቪየቶች «ጄኔራል ክረምት» ያግዘናል ብለው ነበር፤ ክረምቱ አለፈ። ከማርች በኋላ ከበባው ትርጉም አልነበረውም።

#11 ታሪክ_ቆፋሪ

የሶቪየቶቹ ስሌት ከሜዳ የመነጨ ነው፤ ሞኝነት አይደለም። ስታሊንግራድ ላይ በ1942–43 የተከበበው የጀርመን 6ኛ ጦር በቀን ቢያንስ 300 ቶን ያስፈልገው ነበር፤ በአየር የደረሰው በአማካይ 100 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ጦሩ እጁን ሰጠ። አንድ ሠራዊት መቀለብ ያቃተው አየር እንዴት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይቀልባል? በስታሊን ቦታ ሆኖ ላየው ሰው መልሱ ግልጽ ነበር። ልዩነቱ ስታሊንግራድ ላይ አውሮፕላኖቹ ይተኮስባቸው ነበር፣ ማረፊያዎቹም አንድ በአንድ ተወሰዱ።

#12 መሐንዲስ

ማረፊያ ካላችሁ ስለ ቴገል ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ቴምፕልሆፍና ጋቶው ሲሞሉ በፈረንሳዮቹ ክፍል ሦስተኛ ተቆረቆረ። ወደ 17,000 የበርሊን ነዋሪ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ በሦስት ፈረቃ ሠሩት። መሠረቱ ከተማው ውስጥ በቦምብ የፈረሰው የጡብ ፍርስራሽ ነው፤ ጡብ እንደሆነ በርሊን ውስጥ ሞልቷል። የቸገረው ከባድ ማሽን ነበር፤ መዳመጫና ዶዘር አውሮፕላን በር አይገባም። ስለዚህ ማሽኖቹ ምዕራብ ጀርመን ላይ በችቦ ተቆራርጠው፣ በቁጥር ተለይተው፣ ተጭነው፣ በርሊን ላይ መልሰው ተበየዱ። በ90 ቀን ገደማ 2,428 ሜትር መንደርደሪያ ተጠናቀቀ፤ በጊዜው በአውሮፓ ረጅሙ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ኖቬምበር 5 ቀን አረፈ።

አንድ ነገር ግን መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በሶቪየቶች ሥር ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ምሰሶዎች። በጉም ለሚወርድ አብራሪ ይህ ሞት ነው። የፈረንሳዩ አዛዥ ጄኔራል ጋኔቫል እንዲነሱ ጠየቀ፤ መልስ አላገኘም። ዲሴምበር 16 ቀን በፈንጂ ጣላቸው።

ስለ ጥገናም ጥቂት። አጭር በረራ ለሞተር ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሞተር የሚያልቀው ሲነሳ ነው፣ ፍሬንና ጎማ የሚያልቀው ሲያርፍ ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች ለረጅም ጉዞ ተሠርተው በየሁለት ሰዓቱ ሙሉ ጭነት ይዘው ይነሱና ያርፉ ጀመር። ስለዚህ በየ200 ሰዓቱ በረራ ትልቅ ምርመራ፣ በየ1,000 ሰዓቱ ወደ አሜሪካ ተልኮ ሙሉ እድሳት ይደረግላቸው ነበር። መካኒክ ሲጠፋ ከሦስት ዓመት በፊት ጠላት የነበሩት የጀርመን አየር ኃይል መካኒኮች ተቀጠሩ፤ መመሪያዎቹ ወደ ጀርመንኛ ተተረጎሙላቸው።

#13 ናፍቆት

የእኛም አገር ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ነገር አላት። ፌብሩዋሪ 1990 (የካቲት 1982 ዓ.ም.) ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ አስመራ በየብስ ተቆረጠች፤ እስከ ሜይ 1991 ድረስ ጦሩና ነዋሪው የተረዳው ከአዲስ አበባ በአየር ነው። በርሊን ከገጠማት ጋር አንድ የሚመስለው ከበባው ብቻ ነው። አስመራ ላይ አየር ማረፊያው በመድፍ ክልል ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጭነት ማውረጃው ላይ ጥይት እየወደቀ በየሦስት ደቂቃው የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ከጀርባ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ራሷ እየተዳከመች ነበር። ማኅደር ያነሳው የ1945ቱ ውል ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሚገባኝ አስመራን ሳስብ ነው።

አቦል ላነሳሽው የከሰል መጣል ደግሞ ተቃራኒ አለው። በ1977ቱ (እ.ኤ.አ. በ1984–85) ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ ማረፊያ በሌላቸው የደጋ ቦታዎች እህል ያለ ፓራሹት ይጥል ነበር። የተሳካው በሁለት ምክንያት ነው፦ አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ይላል፤ እህሉም በተደራራቢ ጆንያ ነው የታሰረው፣ የውስጡ ቢፈነዳ የውጩ ይይዛል። እህል ደግሞ እንደ ከሰል አይደቅም። የሚጣልበትን ሜዳ ቀድመው አርፈው የሚያዩትና ሰዉን ከሜዳው ገለል የሚያደርጉት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። የዋርሶ ውልና የኔቶ አብራሪዎች አብረው የሠሩበት ብርቅ አጋጣሚ ነው፣ ያውም እኛው አገር።

#14 አቦል

ናፍቆት እህቴ፣ ተባረኪ፤ የፖላንዶቹን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም።

#15 ዘጠነኛ_ክፍል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ከበባው ሜይ 12 ቀን 1949 ተነሳ ይባላል፣ በረራው ግን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ቀጥሏል። ለምን?

#16 የራዳር_ጥላ

ከመጨረሻው በፊት ያለውን ላስቀድም። ኤፕሪል 15–16 በፋሲካቸው ሰሞን ተነር አንድ ሙከራ አደረገ፤ ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን፣ ከሰል ብቻ። አንድ ዓይነት ጭነት የተመረጠው የማውረጃው ሥራ እንዳይለዋወጥ ነው። 24 ሰዓት ውስጥ 12,941 ቶን ገባ፤ በረራው 1,400 የሚጠጋ፣ በየደቂቃው አንድ ማለት ነው። ሚዛን #1 ላይ ያሰላው፣ መሐንዲስ #2 ላይ የማይሞከር ያለው ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ፤ ልዩነቱ አሁን ሦስት ማረፊያና ትልልቅ አውሮፕላን መኖሩ ነው። ከዚያ በኋላ የቀኑ አማካይ ከ6,729 ወደ 8,893 ቶን ወጣ።

#17 ማኅደር

ለጥያቄህ፦ ድርድሩ የተጀመረው በፌብሩዋሪ በተባበሩት መንግሥታት በአሜሪካው ጄሰፕና በሶቪየቱ ማሊክ መካከል በጸጥታ ነው። ስታሊን በጃንዋሪ መጨረሻ ለአንድ ጋዜጠኛ የሰጠው መልስ የገንዘቡን ጉዳይ ጨርሶ አላነሳም ነበር፤ ጄሰፕ የጠየቀው «መዘለሉ ሆን ተብሎ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሆን ተብሎ ነበር። ሜይ 12 ቀን ልክ እኩለ ሌሊት ካለፈ አንድ ደቂቃ ላይ መንገዱ ተከፈተ።

በረራው የቀጠለው መንገዱ እንደገና ቢዘጋ ከተማው ባዶ መጋዘን ይዞ እንዳይገኝ ነው። በ1948 የተጀመረው በ36 ቀን ምግብና በ45 ቀን ከሰል ነበር፤ ያ እንዳይደገም ክምችቱ እስኪሞላ በባቡርም በአየርም ተጫነ። በይፋ ያበቃው ሴፕቴምበር 30 ነው። በጥቅሉ የገባው ከ2.3 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን የሞተው ሰው 101 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከእነሱ ወደ 40 የሚሆኑት እንግሊዛውያን፣ 31ዱ አሜሪካውያን ሲሆኑ ከቀሩት መካከል ጀርመናውያን ይገኙበታል። ከሟቾቹ መካከል በሰማይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ በጭነት ሥራ ላይ እያሉ የሞቱ አሉ።